ዓለምን ያሳቀው ከርታታ፦ ቻርሊ ቻፕሊን (1889–1977)

ትልልቅ ጫማ የተጫማ፣ ሰፊ ሱሪ የታጠቀ፣ ጠባብ ኮት የለበሰ፣ ክብ ባርኔጣ የደፋ፣ ቀጭን ከዘራ የያዘና እግሩን ወደ ውጭ እያንሻፈፈ የሚራመድ ሰውዬ በሥዕል ወይም በቴሌቪዥን ሳታዩ አትቀሩም። ስሙን የማታውቁ ብትኖሩ እንኳ አረማመዱን አይታችሁ ስቃችሁ ይሆናል። ይህ ሰውዬ ቤት የለውም። ቋሚ ሥራ የለውም። ፖሊስ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ኪሱ ባዶ፣ ሆዱም ባዶ ነው። ሆኖም ሰው ሲያገኝ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ መስጠትን ፈጽሞ አይረሳም።

ይህን ከርታታ ፈጥሮ የተጫወተው እንግሊዛዊው ተዋናይ ቻርሊ ቻፕሊን ነው። ለመሆኑ ረሃብንና ቤት ማጣትን እንዲህ አድርጎ ማሳየትን ከየት ተማረው? ሰዎችስ በችግረኛ ሰው ለምን ይስቃሉ? እነሆ የሕይወት ታሪኩን እንንገራችሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልደት ወረቀት ያልተገኘለት ልጅ

ቻርልስ ስፔንሰር ቻፕሊን አፕሪል 16 ቀን 1889 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። የትውልድ ቦታው በደቡብ ለንደን ከሚገኙት የድሆች ሰፈሮች አንዱ እንደሆነ ይታመናል። የልደት ምስክር ወረቀቱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። በ1952 የእንግሊዝ የደኅንነት መሥሪያ ቤት በአሜሪካኖች ጥያቄ መዝገቦችን ቢያገላብጥም ስሙን ሊያገኘው አልቻለም። ስለዚህ ከእናንተ መካከል የልደት ወረቀት የሌለው ቢኖር፣ በመላው ዓለም የታወቀው ይህ ሰውም እንዳልተገኘለት ይወቅ።

አባቱም እናቱም በሙዚቃና በቀልድ ትርኢት አዳራሾች የሚዘፍኑ ነበሩ። አባቱ ቻርሊ ገና ሕፃን ሳለ ቤቱን ትቶ ሄደ፤ መጠጥም ያበዛ ነበር። እናቱ ሐና ቻርሊንና በ4 ዓመት የሚበልጠውን ወንድሙን ሲድኒን ብቻዋን ለማሳደግ ተገደደች። ሐና ልዩ ችሎታ ነበራት። በመስኮት አጠገብ ተቀምጣ በመንገድ የሚያልፉትን ሰዎች እየተመለከተች አረማመዳቸውንና የፊታቸውን ሁኔታ ታስመስል ነበር። ይህ ሰው ዛሬ ከቤቱ ተጣልቶ ወጥቷል፣ ያኛው ደግሞ ቁርሱን አልበላም እያለች ከአካሄዳቸው ኑሯቸውን ትገምታለች። ቻርሊ ሰውን ልብ ብሎ ማየትን የተማረው ከእናቱ መሆኑን በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል።

የመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው በ5 ዓመቱ ነው። እሱ ራሱ እንደተረከው፣ እናቱ ለወታደሮች እየዘፈነች ሳለ ድምጿ ተሰነጠቀ። ተመልካቹ አፏጨባት፤ ጮኸባት። የአዳራሹ ኃላፊ ግራ ቢገባው ትንሹን ቻርሊን እጁን ይዞ ወደ መድረኩ አወጣው። ልጁ መዝፈን ሲጀምር ሳንቲም ተወረወረለት። ወዲያው ዘፈኑን አቋርጦ መጀመሪያ ሳንቲሙን እንደሚለቅም፣ ከዚያ እንደሚቀጥል ለሕዝቡ አስታወቀ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው ሊረዳው ሳንቲሙን በመሐረብ ሲሰበስብ ደግሞ ሊወስድብኝ ነው ብሎ ተከትሎት ሄደ። ሳቁ እጥፍ ሆነ። በመጨረሻም የእናቱን ዘፈን ሲዘፍን፣ የተሰነጠቀውን ድምጿን ሳይቀር በየዋህነት አስመሰለው። እሱ በመድረክ ላይ የጀመረበት ምሽት ለእናቱ የመጨረሻዋ ሆነ።

የድሆች ማቆያ ቤት

ሐና ድምጿን ካጣች በኋላ ልብስ እየሰፋች ልጆቿን ለማኖር ሞከረች። አልሆነላትም። በ1896 ቻርሊ 7 ዓመቱ ሳለ ሦስቱም ላምቤዝ ወደሚባለው የድሆች ማቆያ ቤት ገቡ። በዚያን ዘመን እንግሊዝ አገር መብልና መጠለያ ያጣ ሰው እንዲህ ባለው ቤት ይገባ ነበር። ሲገቡ የግል ልብስን አስረክቦ የቤቱን ልብስ መልበስ ግዴታ ነው። እናት ከልጆቿ ተለይታ በሴቶች ክፍል ትኖራለች።

ልጆቹ ብዙም ሳይቆዩ ሐንዌል ወደሚገኝ የድሃ ልጆች ትምህርት ቤት ተላኩ። ቻርሊ እዚያ ሳለ በራሱ ላይ ቋቁቻ ወጣበትና ጸጉሩን ተላጭቶ፣ መድኃኒት ተቀብቶ ከሌሎች ተለይቶ ተቀመጠ። ሕመምተኞቹን ሌሎች ልጆች ይጸየፏቸው እንደነበር አልረሳም። ስሙን መጻፍ የተማረውም በዚያው ትምህርት ቤት ነው።

አሁን የምንነግራችሁ ግን ከዚያ ሁሉ ችግር መካከል ቻርሊ በደስታ ያስታወሰውን አንድ ቀን ነው። በ1898 ሦስቱም እንደገና በማቆያው ቤት ነበሩ። ሐና ልጆቿ ናፈቋትና መውጣት እንፈልጋለን ብላ አመለከተች። የራሳቸው ልብስ ተመለሰላቸው። ልብሱ ለተባይ በእንፋሎት ታጥኖ፣ ሳይተኮስ ተጨማድዶ ነበር። ሲድኒ በኪሱ 9 ሳንቲም ነበረው። ቼሪ የሚባለውን ፍሬ ገዝተው በመናፈሻ ቦታ ተቀምጠው በሉ። ሲድኒ ጋዜጣ ጨምድዶ በገመድ አስሮ ኳስ ሠራና ሲቀባበሉ አረፈዱ። ቀትር ላይ በተረፈችው ሳንቲም ሻይና ቂጣ ተካፈሉ። ከዚያም ወደ ማቆያው ቤት ተመልሰው እንደ አዲስ ተመዘገቡ። ሠራተኞቹ ልብሱን እንደገና ሊያጥኑ፣ መዝገቡንም እንደገና ሊሞሉ ነውና ተቆጡ። ሐና ግን ከልጆቿ ጋር አንድ ቀን ውላለች።

በዚያው ዓመት ሐና አእምሮዋ ታውኮ ሆስፒታል ገባች። አባትየውም በ1901 ገና በጎልማሳነቱ በመጠጥ ምክንያት ሞተ። በ1903 ሕመሙ በሐና ላይ ሲያገረሽ ሲድኒ በመርከብ ሥራ ላይ ስለነበር፣ እናቱን ደግፎ ወደ ሕክምና የወሰዳት የ14 ዓመቱ ቻርሊ ነው። ወንድሙ እስኪመለስ ድረስ ለብቻው በየመንገዱ ምግብ እየፈለገ ኖረ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ጋዜጣ ሸጧል፤ አበባ አዙሯል፤ በማተሚያ ቤት ተቀጥሯል፤ ከእንጨት ፈላጮች ጋርም ውሏል።

ማንበብ ያቃተው ተዋናይ

ቻርሊ በ9 ዓመቱ ገደማ በእንጨት ጫማ ከሚጨፍሩ ልጆች ቡድን ጋር ሠርቶ ስለነበር መድረክን አልተወም። በ1903 በአንድ ድራማ ውስጥ እንዲጫወት የ35 ገጽ ጽሑፍ ተሰጠው። ቻርሊ እጁ ተንቀጠቀጠ። ደስታ ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃትም ነበረበት። ምክንያቱም በደንብ ማንበብ አይችልም። እዚያው አንብብ ቢሉት ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር። እንደ ዕድል ጽሑፉን ይዞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነገሩት። ሲድኒ መስመር በመስመር እያነበበለት በ3 ቀን ውስጥ በቃሉ አጠናው። ከዚያም ሼርሎክ ሆልምስ በተባለው ድራማ ውስጥ የተላላኪ ልጅ ሆኖ እየተጫወተ እስከ 1906 ድረስ የእንግሊዝን ከተሞች ዞረ።

ተማሪዎች፣ ይህን ልብ በሉ። ቻፕሊን በትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሲያድግ ግን መዝገበ ቃላት እያገላበጠ ራሱን አስተማረ፤ በ1964 ደግሞ የሕይወት ታሪኩን በትልቅ መጽሐፍ ጽፎ አሳተመ።

በ1908 ፍሬድ ካርኖ የተባለ ሰው በሚመራው የታወቀ የቀልድ ቡድን ውስጥ ተቀጠረ። የካርኖ ተዋናዮች ሳይናገሩ በአካል እንቅስቃሴ ብቻ ማሳቅን የተካኑ ነበሩ። ቻርሊ ከቡድኑ ጋር በ1910 እና በ1912 ወደ አሜሪካ ተጓዘ። እዚያም የፊልም ሰዎች ዓይን ገባ፤ በ1913 መጨረሻ ኪስቶን የተባለው የፊልም ኩባንያ በሳምንት 150 ዶላር ቀጠረው።

ከርታታው ሲወለድ

በ1914 መጀመሪያ ላይ ቻፕሊን አንድ አስቂኝ ልብስ እንዲለብስ ታዘዘ። ወደ ልብስ ክፍል ሲሄድ ሁሉም ነገር እርስ በርሱ እንዲጋጭ አሰበ። ሱሪው ሰፊ፣ ኮቱ ጠባብ፣ ባርኔጣው ትንሽ፣ ጫማው ትልቅ ሆነ። ሱሪው ከአንድ ወፍራም ተዋናይ የተወሰደ ነው ይባላል። ገና 24 ዓመቱ ስለነበር ዕድሜው ከፍ ብሎ እንዲታይ አጭር ሪዝ ለጠፈ፤ ቀጭን የቀርከሃ ከዘራም ያዘ።

እስኪ ይህን አለባበስ እናስተውለው። ጫማውና ሱሪው የድሃ ነው። ባርኔጣው፣ ከዘራውና የተላጨው ፊቱ ግን የጨዋ ሰው ነው። ከርታታው ድሃ ነው፤ ነገር ግን ራሱን እንደ ተዋረደ ሰው አይቆጥርም። የቻፕሊን ቀልድ ምንጩ ይህ ነው። ሰዎች የሚስቁት በድህነቱ አይደለም። ድሃ ሆኖ ሳለ ክብሩን ላለመልቀቅ በሚያደርገው ትግል፣ ከዚያም በላይ ሊያዋርዱት በሚሞክሩት ባለጌ ሀብታሞችና ጉልበተኞች ነው።

ፊልሞቹ ድምፅ አልባ ነበሩ። እዚህ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ ይነገራል፤ ሰው ሁሉ ቀልድ ሲሰማ በየቋንቋው ይተረጎምለት ዘንድ ይጠብቃል። የቻፕሊን ፊልም ግን ለማንም አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ከዚህ የተነሣ ዝናው በሁለት ዓመት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። በ1916 ሙችዋል ከተባለ ኩባንያ ጋር ሲዋዋል ክፍያው በዓመት 670,000 ዶላር ደርሶ ነበር። የማቆያው ቤት ልጅ በ26 ዓመቱ በዘመኑ ከፍተኛ ደመወዝ ከሚከፈላቸው ሰዎች አንዱ ሆነ። በ1919 ደግሞ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ የፊልሞቹ ጌታ ራሱ ሆነ።

ስደተኛው በመርከብ ላይ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። በዚያው ዓመት ቻፕሊን «ስደተኛው» የተባለውን አጭር ፊልም አወጣ። ፊልሙ የሚጀምረው ወደ አሜሪካ በሚጓዝ መርከብ ላይ ነው። ስደተኞቹ ታጭቀዋል፤ መርከቡ ሲናጥ የሾርባው ሳህን ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል። ከርታታው በመርከቡ ላይ እናቷን ይዛ የምትጓዝ አንዲት ልጅ ገንዘባቸው ተሰርቆባቸው ስታለቅስ ያያል። በካርታ ጨዋታ ያገኘውን ገንዘብ ሳታውቅ ኪሷ ውስጥ ይከትላል። መርከቡ ኒው ዮርክ ሲደርስ ሁሉም የነፃነትን ሐውልት በተስፋ ይመለከታሉ። በዚያችው ቅጽበት የመርከቡ ሠራተኞች መጥተው እንደ ከብት በገመድ ይከልሏቸዋል። ተመልካቹ ይስቃል፤ ግን ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቆማል።

ይህ ፊልም 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃል። ቻፕሊን ግን ለእሱ ሲል ከ90,000 ጫማ በላይ ፊልም ቀርጾ የተጠቀመው 1,800 ጫማ ገደማ ብቻ ነው። ከተቀረጸው ሃምሳ እጅ አንዱን መርጦ ሌላውን ጣለው ማለት ነው። በሌላ ፊልሙ፣ በ1931 በወጣው «የከተማ መብራቶች» ውስጥ፣ አንዲት ዓይነ ስውር አበባ ሻጭ ከርታታውን ሀብታም ነው ብላ የምትሳሳትበትን አጭር ትዕይንት ከ300 ጊዜ በላይ ደጋግሞ አስቀርጿል። ዓይኗ የማያይ ልጅ ሀብታም ነው ብላ እንዴት ትሳሳታለች? መፍትሔው ከብዙ ድካም በኋላ ተገኘ፤ የመኪና በር ሲዘጋ ሰምታ ከመኪናው የወረደው እሱ መሰላት። እናንተ ስታዩት ቀላል ይመስላችኋል። ቀላል እንዲመስል የተደከመበት ነው።

በ1921 የወጣው «ልጁ» የተባለው ፊልም ደግሞ ከሕይወቱ የተቀዳ ይመስላል። ከርታታው የተጣለ ሕፃን አግኝቶ ያሳድጋል። ባለሥልጣኖች ልጁን ነጥቀው ወደ ማሳደጊያ ሊወስዱት በመኪና ሲጭኑት፣ ከርታታው በጣራ ላይ እየሮጠ ተከትሎ ያስጥለዋል። በ7 ዓመቱ ከእናቱ የተለየው ቻርሊ ማንም ያላደረገለትን ነገር በፊልሙ ላይ ለሌላ ልጅ አደረገ። እናቱንም በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ አስመጥቶ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1928 ድረስ፣ ጦሯታል።

በ1925ቱ «የወርቅ ፍለጋ» ውስጥ ከርታታው በበረዶ መካከል ተርቦ ጫማውን ቀቅሎ ይበላል። ምስማሩን እንደ አጥንት ይግጣል፤ የጫማውን ክር ሹካ ላይ እየጠቀለለ እንደ ፓስታ ይውጣል። ጫማው በእርግጥ ከጣፋጭ የተሠራ ነበር። ረሃብን የማያውቅ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ትዕይንት ለመፍጠር የሚችል አይመስልም።

አምባገነኖችን ሲያስቅባቸው

አዶልፍ ሂትለር የተወለደው ከቻፕሊን በ4 ቀን ዘግይቶ ነው፤ ሪዛቸውም ይመሳሰል ነበር። ቻፕሊን ይህን ተጠቅሞ በራሱ ገንዘብ «ታላቁ አምባገነን» የተባለውን ፊልም ሠራ። ፊልሙ በኦክቶበር 1940 ሲወጣ አሜሪካ ገና ከጀርመን ጋር ጦርነት አልገጠመችም ነበር። ቻፕሊን በአንድ በኩል የሚሳደድ አይሁዳዊ ጸጉር አስተካካይ፣ በሌላ በኩል ደግሞ አምባገነኑን ራሱን ሆኖ ተጫወተ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላ ትኩረት የሚስብ ገጸ ባሕርይ አለበት። ጃክ ኦኪ የተባለው አስቂኝ ተዋናይ ናፓሎኒ የተባለ ጉረኛ መሪ ሆኖ ይጫወታል። ይህ ሰው ቤኒቶ ሙሶሊኒ መሆኑን ማንም አይስተውም። ሁለቱ አምባገነኖች ጸጉር ቤት ተቀምጠው አንዱ ከሌላው ከፍ ብሎ ለመታየት ወንበራቸውን ሲያስነሡ፣ ሲያስነሡ ጣሪያ ይደርሳሉ። ሙሶሊኒ በ1935 ኢትዮጵያን ወርሮ፣ በመርዝ ጋዝ ሕዝብ አስጨርሶ ነበር። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ አገራችን ገና በወረራው ሥር ነበረች፤ አዲስ አበባ ነፃ የወጣችው በ1941 ነው። ያን ያህል የተፈራ ሰው በወንበር ላይ እንደ ሕፃን ሲሽቀዳደም በዓለም ፊት መታየቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሆኖም ቻፕሊን ሳቅ ሁሉን ይችላል ብሎ አላመነም። በናዚ የሞት ካምፖች የተፈጸመውን አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ያን ፊልም ሊሠራው እንደማይችል በኋላ ጽፏል። ሳቅ ጉልበተኛን ያዋርዳል፤ የሞተን ሰው ግን አይመልስም።

ባለ ብዙ ገንዘቡ ስደተኛ

ቻፕሊን ፍጹም ሰው አልነበረም። ከተዋናዮቹ ጋር ሲሠራ ክፉ ቁጣ ነበረው። አራት ጊዜ አግብቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሚስቶቹ ሲያገባቸው ገና 16 ዓመታቸው ነበር። ይህ ዛሬም የሚወቀስበት ነው። በ1943 ካገባት ከኡና ኦኒል ጋር ግን 8 ልጆች ወልዶ እስከ ሞቱ ኖሯል።

ወደ 40 ዓመት አሜሪካ ቢኖርም ዜግነት አልወሰደም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኮሚኒስት ነው የሚል ክስ በዛበት። በሴፕቴምበር 1952 ከቤተሰቡ ጋር በመርከብ ወደ ለንደን ሲጓዝ፣ መርከቡ ባሕር ላይ ሳለ የአሜሪካ መንግሥት የመመለሻ ፈቃዱን መሰረዙ ተነገረው። በ1917 የስደተኛውን መርከብ የቀረጸው ሰው ከ35 ዓመት በኋላ ራሱ በመርከብ ላይ ስደተኛ ሆነ። እርግጥ ነው፣ እሱ ገንዘብ ነበረው፤ በስዊዘርላንድ ሰፊ ቤት ገዝቶ ኖረ። ነገር ግን ሥራውንና ወዳጆቹን ትቶ በ63 ዓመቱ እንደ አዲስ መጀመር ግድ ሆነበት።

አሜሪካ እንደገና የጠራችው በ1972 ነው። የ82 ዓመቱ ሽማግሌ የክብር ኦስካር ሊቀበል መድረክ ላይ ሲቆም ሕዝቡ 12 ደቂቃ ያህል ቆሞ አጨበጨበለት። በ1975 ደግሞ የእንግሊዝ ንግሥት ሰር የሚለውን ማዕረግ ሰጡት። ጅቡቲ ነፃነቷን ባወጀችበት በ1977፣ ዲሴምበር 25 ቀን፣ በ88 ዓመቱ በመኖሪያ ቤቱ ዐረፈ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሌቦች አስከሬኑን ሰርቀው ገንዘብ ጠየቁበት፤ ሌቦቹ ተይዘው ሣጥኑ ከእርሻ ውስጥ ተገኘ። ከርታታው ከሞተም በኋላ ተንከራተተ። የኖረበት ቤት ከ2016 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል።

ውድ ተማሪዎች! በየክፍላችን ሰው ማስመሰል የሚችልና የሚያስቅ ልጅ አይጠፋም። ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ጥያቄው በማን ላይ ያስቃል የሚለው ነው። አዲስ የመጣውን ልጅ አነጋገር፣ የተቀደደ ጫማ ያደረገውን፣ ጸጉሩን ተላጭቶ መድኃኒት የተቀባውን እያስመሰሉ ማሳቅ ቀላል ነው። ሐንዌል ውስጥ በትንሹ ቻርሊ ላይ የተሳቀው እንደዚያ ነበር። እሱ ግን ሲያድግ ሳቁን ገለበጠው። የተቀደደውን ጫማ ራሱ አደረገ፤ ሳቁን ወደሚያዋርዱት መለሰው። እናንተም ስታስቁ ከሳቁ በኋላ አንገቱን የሚደፋ ልጅ እንዳይኖር ዞር ብላችሁ ተመልከቱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከርታታው ከለበሳቸው ነገሮች የትኞቹ ድህነቱን፣ የትኞቹስ ክብሩን ያሳያሉ?
2. ሐና ከማቆያው ቤት ለአንድ ቀን ብቻ መውጣቷ ትክክል ነበር ትላላችሁ? ምክንያታችሁን ግለጹ።
3. ቻፕሊን አንዱን ትዕይንት ከ300 ጊዜ በላይ ያስደገመው ለምንድን ነው?
4. ሰውን በማዋረድ በማሳቅና ጉልበተኛን በማጋለጥ በማሳቅ መካከል ያለውን ልዩነት ከምታውቁት ነገር ምሳሌ እየሰጣችሁ አስረዱ።